ለማስነጠስ መድኃኒት ፍለጋ ወደ መተማ

በእኛ ቤት መስከረም መጥባቱ የሚታወቀው በማስነጠስ ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ የእኔም የእናቴም ዓይን ይቀላል፤ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ተማሪዎቼ ማስነጠሴን እየቆጠሩ ይስቁብኛል። ታናሽ ወንድሜን ሙሉቀንን ደግሞ ደረቱን ሁሉ ያፍነው ነበር። መተማ ወርዶ ትራክተር መንዳት ከጀመረ ወዲህ ግን፣ “ለቀቀኝ እኮ፣ እዚህ መድኃኒት አለ” ብሎ ደወለልኝ። ዘንድሮ እናቴም አላስነጠሳትም፤ ጠበሉ ነው ትላለች። እኔ ብቻ ቀረሁ። በጥቅምት የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ወንድሜንም መድኃኒቱንም ላገኝ ተነሣሁ።

ረቡዕ፣ ከጎንደር ገንዳ ውሃ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ ነው ሚኒባስ የተሳፈርኩት። አይከል ላይ ቁርስ ስንበላ ጋቢ ደርቤ ነበር፤ ቁልቁለቱን ከተያያዝነው በኋላ ግን ሙቀቱ ጋቢዬን ቦርሳ ውስጥ አስገባው። ሁለት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ሜዳው ላይ የታጨደው ሰሊጥ እንዲደርቅ ነዶ ከነዶ እየተደጋገፈ ቆሟል፤ ሂላ ይሉታል። አቧራው በመስኮት ሲገባ ማስነጠሱ አልቆም አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ባለሱቅ አዛውንት ሎሚ ሰጡኝና የማን ዘመድ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የሙሉቀንን ስም ስነግራቸው ቆላው የተስማማው፣ ወፍራሙ ልጅ ነው አሉኝ። ደስ አለኝ። እናቴም የላከውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ለጎረቤት የምትለው ይህንኑ ነው።

ሙሉቀን ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ሲቀበለኝ ግን ክው አልኩ። ጉንጩ ዓይኑን ሊከድነው ደርሷል፤ ከቁምጣው በታች ያለው እግሩ ደግሞ ሸንበቆ ሆኗል።

ሐሙስ፣ እርሻው ላይ

ጠዋት ሠራተኞቹ ሸራ አንጥፈው ሰሊጥ ሊያራግፉ ተሰበሰቡ። ነዶውን ዘቅዝቀው ሲመቱት አቧራው ሰው አያስቆምም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሙሉቀን ከኪሱ ፌስታል አወጣና ለሚያፍናቸው ሁሉ ነጭ ክኒን አንድ አንድ አደለ፤ እሱ ሁለት ዋጠ። እኔም እጄን ዘረጋሁ። ሰጠኝ። ስሙ ምን ይባላል ስለው አያውቀውም፤ ከድንበር ማዶ የሚመጣ ነው አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ወስዶታል።

ላቡን ሊጠርግ ሸሚዙን ሲገልጥ ሆዱ ላይ ድመት የቧጠጠው የሚመስል ሐምራዊ ሰንበር አየሁ። ክኒኑን በመሐረቤ ቋጥሬ፣ እሱን እየጎተትኩ ገንዳ ውሃ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ክኒኑንና ሰንበሩን አይታ ስኳሩን ለካች፤ ከፍ ብሏል።

“ይህ ውፍረት አይደለም” አለች። “ክኒኑ ያመጣው እብጠት ነው። አለርጂውን ዝም ያሰኘዋል፤ በጎን ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያመጣል።”

“እንግዲያው ዛሬውኑ ይተወው?”

“እንዳታደርጉት። ሰውነቱ ክኒኑን ለምዷል፤ በአንዴ ካቆመ ሊሞትብሽ ይችላል። እየተከታተልን ቀስ በቀስ እንቀንስለታለን።”

መዋጡም ማቆሙም የሚገድል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ለደረቱ በአፍ የሚሳብ፣ ለአፍንጫው የሚረጭ መድኃኒት አዘዘችለት፤ ለእኔም የአፍንጫውን ጻፈችልኝ። ከማራገፊያው እንዲርቅ፣ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ማደሩን እንዲተው፣ ከእርሻ ሲመለስ ታጥቦ ልብስ እንዲቀይር ነገረችው። ሙሉቀን ወረቀቱን አጣጥፎ ፌስታሉ ያለበት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

“እታለም፣ እኔ እኮ ለስንት ሰው አድያለሁ” አለኝ።

ዓርብ፣ ጎንደር

እናቴ በር ላይ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

“የኔን አመጣሽልኝ?”

“የምኑን?”

“ያችን ከጠበሉ ጋር የምውጣትን ነጭ ክኒን ነዋ። ሙሉቀን ለፋሲካ ብዙ ልኮልኝ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ አለቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ አቅም የለኝም።”

ፊቷን አየሁት። ክረምቱን ሙሉ “እማዬ፣ ወዝሽ መጣ” እያልኩ ያሞገስኩት ፊት ነው። ነጠላዋን አልብሼ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። በሽታው ጠፋ ሲባል ምን እንዳጠፋው መጠየቅ እንዳለብኝ የገባኝ ያኔ ነው፤ ዘግይቼ ነው የገባኝ።

ድንገተኛ ክፍል ተራ ስንጠብቅ ማስነጠሱ መጣብኝ፤ በላይ በላዩ አስነጠስኩ። እናቴ ጀርባዬን እያሻሸች አዘነችልኝ።

“ለራስሽም ይዘሽ በመጣሽ ምናለ” አለችኝ።