የጎባው ሰፊ ቅርጫት

በዚህ ነገር የተነካን ሰዎች ስድስት ነን። ስም አልጽፍም፤ ጎባ ትንሽ ከተማ ናት። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ብረት በያጅ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን ከሰው እጅ በማየትና ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ በማንበብ ነው የተማርኩት። ሁለተኛው ወንድ ልጄ ነው፤ ቢሮ ይሠራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፣ ግትርነቱን ከእኔ ወስዷል። ሦስተኛዋ ታናሽ እህቱ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። አራተኛው እጮኛዋ ነው፤ ከሐዋሳ መጥቶ ሮቤ በላብራቶሪ ባለሙያነት የሚሠራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ልጅ። አምስተኛው የጊኒር ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን፣ ከወጣትነታችን ጀምሮ ወዳጄ ናቸው። ስድስተኛዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሁለቱንም ልጆቼን ተቀብለው ያወጡ እሳቸው ናቸው።

ልጄና የእህቱ እጮኛ የተዋደዱት በአንድ የባሕር ማዶ የቅርጫት ኳስ ቡድን ምክንያት ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ መጫወት ሥራቸው ነው። እኔ ይህን ሥራ ብዬ ለመጥራት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። እሑድ እሑድ እጮኛው ከሮቤ በሚኒባስ ይመጣና ሁለቱ በመበየጃ ቤቴ በር ላይ ተቀምጠው በስልክ ያያሉ። አንድ ቀን የቡድኑን የምንጊዜም አሥር ምርጥ ተጫዋቾች በደረጃ እንጻፍ ተባባሉ። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደዱና ውስጡን ገልብጠው ግድግዳዬ ላይ ለጠፉ። ከሦስተኛ እስከ አሥረኛ ያለውን በሦስት እሑድ ተስማሙ። አንደኛና ሁለተኛው ላይ ተጣሉ።

ልጄ አንደኛ የሚለው ድሮ የተጫወተውን ረጅሙን ነው፤ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ማንንም የማያሳልፈውን። እጮኛው አንደኛ የሚለው የአሁኑን አጭር ነው፤ ከሩቅ ወርውሮ የሚያስገባውን።

«ከሩቅ መወርወር ምን ችሎታ ነው? የኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ያስገባል» አለ ልጄ።

«የናንተ ሰፈር ልጅ ሌላ ቦታ ሄዶ ሞክሯል?»

«አንተ ሽንት ስትመረምር የኖርክ ሰው፣ ተጫዋች መመርመር ማን አስተማረህ?»

«ሽንት ቢያንስ አይዋሽም» አለ እጮኛው፤ ሳቀም። ባይስቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። ልጄ ተነሣ።

«አባቴ ይሙት፣ ያንን አጭር ከአንደኝነት ካላወረድክ ሰርግህን አልረግጥም።»

የተማለብኝ እኔ መዶሻ ይዤ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ ነበር።

ሌላ ቤት ቢሆን ይህ ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ልጆቼን ያሳደግሁት መሐላ ከአፍ ከወጣ አይመለስም እያልኩ ነው። ልጄ ትንሽ ሳለ እህቱ ትሙት ብሎ ስለ አንድ ቁራሽ ዳቦ ዋሸኝና በብርድ ውጭ አቁሜው ነበር። ጎባ ብርዷ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አሁን ሳነጋግረው መልሱን እኔው ሰጥቼው ኖሯል።

«ጨዋታ ነው ልጄ፣ ተወው።»

«አባባ፣ መሐላ ጨዋታ የለውም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ሴት ልጄ ስለ ኳሱ ግድ የላትም። «ወንድሜ እጄን ይዞ ካላወጣኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች፤ ከዚያም ወደ ሥራዋ ሄደች። እጮኛዋን ግን ለብቻው ጠይቃው ነበር፦ ዝም ብለህ ረጅሙ አንደኛ ነው አትልም? እሱም «ማለትማ እላለሁ፤ ግን ከልቤ እንዳልሆነ ወንድምሽ ያውቅብኛል» አላት። ይህን ስሰማ ልጁን ወደድኩት፤ ተናደድኩበትም።

ጾሙ እየገፋ ሄደ፣ ልጄና እጮኛው ሰላምታ አቋረጡ፣ ሰርጉም ቀረበ። ሽማግሌ ከመሰብሰብ ሌላ መንገድ አጣሁ። አንድ እሑድ ሐጂና አዋላጇ መጡ። ስለ ቅርጫት ኳስ ሁለቱም የሚያውቁት የለም። ሐጂ መጀመሪያ ጨዋታውን አስረዱኝ አሉ፤ ከዚያ ጠየቁ፦

«ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዘመን ተጫውተዋል?»

«አልተጫወቱም ሐጂ።»

«በሬ የሚለካው ባንድ ቀንበር ተጠምዶ ነው። እናንተ በምን ለካችኋቸው?»

ልጄ የብዙ ዓመት ቁጥር በቃሉ ደረደረ። አዋላጇ እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ስትወለድ በእግርህ ነው የመጣኸው። ሌሊቱን ሙሉ አድክመኸኛል። ዛሬም አዙረህ እየመጣህ ነው። አንዷን ነገር ብቻ ንገረኝ፤ አጭሩን ለምን ናቅኸው?»

«ከሩቅ ማስገባት ቀላል ስለሆነ ነው እትዬ። እኔ ራሴ ከአሥር ሰባት አገባለሁ። እንሂድና ይዩ።»

ሜዳው ከቤታችን ጀርባ ነው፤ ሲሚንቶ የፈሰሰበት፣ በሁለት ጫፍ ቅርጫት የቆመበት። ሁለቱንም ቅርጫቶች የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ ገና ልጅ ሳለ የሰፈሩ ወጣቶች ለምነውኝ። በነጻ ነው የሠራሁላቸው፤ በዚህም ለዓመታት ኮርቻለሁ፣ ልጆችንም ስመክር ብዙ ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። ስንሄድ እኔ ከሁሉም ኋላ ቀረሁ። ምክንያቱን የማውቅ እኔ ብቻ መሰለኝ።

ልጄ ከሩቅ ቆሞ አሥር ወረወረ፤ ሰባት ገባ። ዘወር ብሎ ሐጂን አየ። እጮኛው ካልሲውን ሳብ ሳብ አደረገና እሱም ወረወረ። ዘጠኝ ገባ። ከዚያ እጮኛው ቅርጫቱን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እጮኛው የቅርጫቱን መስፋት ገና መጀመሪያ የመጣ እሑድ አውቆታል። ልክ ያለው ቅርጫት ላይ ያደገ ሰው የሰፋውን ሲያይ ይለየዋል። ልጄ ሲሰድበው፣ ሰርጉ ሊበላሽ ሲል፣ አንድ ቃል ቢናገር ክርክሩን ይረታ ነበር። የአማቱን ሥራ ሽማግሌ ፊት ላለማዋረድ ዝም አለ። እኔም ሳውቅ ዝም አልኩ፤ የእሱ ዝምታ ለሰው ነበር፣ የእኔ ለራሴ።

«ሜትር አምጡልኝ» አልኩ።

መሰላል ላይ ወጥቼ ለካሁ፤ ምንም እንኳ ልኩን ባውቀውም። «የዚህ ብረት ስፋት ልኩ አርባ አምስት ሳንቲሜትር ነው። ይሄ ሃምሳ አምስት ነው። ስሠራው ልኩን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም፣ በዓይኔ ገምቼ ነው ያጠፍኩት። ከዓመታት በፊት ሮቤ በር ልበይድ ሄጄ አንድ ሜዳ ላይ ልክ ያለውን ለካሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። አልተናገርኩም።»

ልጄ ኳሱን እንደያዘ ቆመ። ሮቤ ሄዶ በተጫወተ ቁጥር ከሩቅ ይስት ነበር፤ ሲመለስ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ነው ይለን ነበር። እኔም ነፋሱ ከባድ ነው እያልኩ አጽናናው ነበር።

«አባባ፣ እንግዲህ ሮቤ ነፋሱ አልነበረም?»

«ነፋሱ አልነበረም ልጄ።»

ሐጂ ከመሳቅ ተቆጠቡ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «ዱጋ ነው፤ እውነቱ ወጣ» አሉ። «አንተም ስማ። በተሳሳተ ሚዛን የተሸጠ ከብት ለባለቤቱ ይመለሳል። በተሳሳተ ብረት የተማለም እንደዚያው ነው። የማልከው ቀላል ነው ብለህ ነው፤ ቀላል አልነበረም።» አዋላጇ ደግሞ «ለንስሐ አባትህ ተናገርና ያዘዙህን ፈጽም። የተማለበት ሰውዬ እንደሆን ይኸው መሰላል ላይ አለ፣ አልሞተም» አሉት።

ልጄ ወደ እጮኛው ሄደ። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ?»

«አባትህ ናቸዋ።»

ልጄ ኳሱን ደረቱ ላይ ወረወረለትና «ዘጠኝ ያገባኸው ግን ዕድል ነው» አለው። ከዚያ በኋላ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

እርቅ ያለ ካሣ አይጸናም። በግ ይታረድ እንዳይባል ጾም ነው፤ ጾሙ ቢፈታ እንኳ ሐጂና እኛ ካንድ ሥጋ አንበላም። ሐጂ ራሳቸው «ማር ይሁን» አሉ፤ «ማር ማንንም ከገበታ አያስነሣም።» ስለዚህ ልጄና እጮኛው ሁለት ሁለት ኪሎ የደሎ መና ማር እንዲያመጡ፣ እኔ ሁለቱንም ቅርጫቶች በልካቸው እንደገና እንድሠራ ተፈረደ። እጮኛው ደግሞ ስለ ዝምታው ለኔ አዲስ ሜትር ይግዛ ተባለ፤ ለሽማግሌ ክብር መስጠት ጥሩ ቢሆንም ሽማግሌውን በስሕተቱ እንዲያረጅ መተው ክብር አይደለም ብለው ነው አዋላጇ። ሴት ልጄ «ጥሉ በኔ ሰርግ ነው፣ እኔም አለሁበት» ብላ ቀለሙን ገዛች።

አዲሱን ብረት ባቆምኩ ቀን ልጄ ከሩቅ አሥር ወረወረ። ሁለት ገባ። ለረጅም ጊዜ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያም ገብቶ የሲሚንቶ ከረጢቱ ላይ አጭሩን አንደኛ ብሎ ጻፈ። በእርሳስ ነው የጻፈው። ለምን በእስክሪብቶ አይደለም ብዬ አልጠየቅሁትም።

ከፋሲካ በኋላ እህቱን እጇን ይዞ ከቤት አወጣት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳያቸው ልመክራቸው ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ አንዱንም አልተናገርኩም።

ማሩ ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ብረቱና የመበየጃ ኤሌክትሮዱ አንድ ሺህ ሦስት መቶ፣ ቀለሙ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሜትሩ አንድ መቶ ሃያ። ሁላችንን በድምሩ ያስወጣን አራት ሺህ አንድ መቶ ብር ነው።