የጀልባ ሞተር በእናቴ ቤት

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን ኦፊቺና በሚሉት የመኪና መጠገኛቸው ውስጥ ብረት አጣቢ ነበርኩ። ሥራዬ ሌላው የፈታውን በናፍጣ ማጠብ ብቻ ነው። የሠርጌን ነገር ለመጨረስ ወደ ቤት ልሂድ ብዬ ፈቃድ ብጠይቅ፣ የኦፊቺናው አለቃ ዓባይ ላይ ወታደር የምታሻግረውን ጀልባ ትንሽ ሞተር በበቅሎ አስጭኖ ላከብኝ። ውኃ ገብቶባት ነበር። «ፈትተህ፣ አጥበህ፣ ገጥመህ አምጣት፤ ካልሠራች እንዳትመለስ» አለኝ። ላይችል አይሰጠው ይላሉ፤ ለእኔ ግን ተሰጠኝ።

ቤታችን ከሉማሜ ወጣ ብሎ ነው። የእኛ ሽማግሎች ዲማ ሄደው የአንድ መሪጌታ ልጅ ጠይቀውልኝ እሺ ተብለዋል። የቀረው የልጅቷ ወገኖች መጥተው፣ ቤታችንን አይተው፣ የሠርጉን ቀን መቁረጣቸው ነበር። ልጅቷን የማርያም ለት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይቻታለሁ። ወድጃት ነበር፤ ይህን ለመናገር አሁን አላፍርም። ለጣሊያን ማደሬን እንኳ ቤተሰቦቿ «ጊዜ ያመጣው ነው» ብለው አልፈውልኛል።

ሞተሯን ቤት ውስጥ ፈታኋት። እያንዳንዱን ብረት በፈታሁበት ተራ ሰሌን ላይ ደረደርኩ፤ ስገጥም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ሌላ ዘዴ አላውቅም። ለበቅሏ ሣር አጭጄ ስመለስ ሰሌኑ ተነሥቶ ቤቱ ወለል ብሏል። እናቴ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ፣ ብሎኑን፣ ዳዶውን፣ ሞላውን፣ ፒስቶኑን አንድ ቁና ውስጥ አፍሳዋለች። ይባስ ብላ ዝገት እንዳይበላው ሁሉንም ቅቤ ቀብታዋለች።

«ተራ ነበረው እኮ፣ እማዬ» አልኳት።

«አሁንስ ተራ መቼ አጣ? ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ አድርጌዋለሁ» አለችኝ።

ቁናውን ደፍቼ ቅቤውን እየጠረግኩ መግጠም ጀመርኩ። ገጠምኩ፤ አንድ ሞላ ተረፈኝ። ፈትቼ መልሼ ገጠምኩ፤ ሞላው ገባ፣ በፋንታው አንድ ቀለበት ተረፈኝ። አንዱ ዘንግ ደግሞ አልገባም ብሎ በመዶሻ ስመታው ድምፁ ቀዬውን ያዳርሳል። አለቃዬንም፣ ጀልባዋንም፣ ሞተር የሚባል ነገር የፈጠረውንም ረገምኩ። አባቴ ገብቶ ፊቴ ቆመ።

«ይኼን ማንኳኳት ተው። ሰዉ ልጁ ቀጥቃጭ ሆነ እያለ ነው።»

ባገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። ዓይኑ ይበላል ተብሎ ፊቱ እህል አይቀመስም፤ ልጅም አይሰጠውም። የሚያርሱበትን ማረሻ ማን እንደሠራላቸው ግን ትዝ አይላቸውም። ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም ልጅቷን አስቤ መዶሻውን አስቀመጥኩ። ዘንጉን በስንት መከራ በእጄ እየገፋሁ አስገባሁት፤ የተረፈው ቀለበትም ቦታውን አገኘ።

ሐሙስ ለት የልጅቷ አጎት ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አባቴ ሞተሯን በጋቢ ጠቅልሎ ከጎታው ጀርባ ደብቋታል። ወሬው ሰመረ፤ ሠርጉ ለጥር ሊቆረጥ ምንም አልቀረው። ማዕድ ሲቀርብ እንግዳ ማስታጠቡ እንደ ወጉ የእኔ ድርሻ ነበርና ማንቆርቆሪያውን ይዤ አጎትየው ፊት ጎንበስ አልኩ። እጄን በአመድ ብፈትገውም ጥፍሮቼ ሥር ያለው ጥቁረት አልለቀቀም ነበር። ውኃው ሊፈስ ሲል ሰውየው እጁን ሰበሰበ።

«ልጄ፣ ይህ የእጅህ ጥቁረት ከምን መጣ?»

«የሞተር ዘይት ነው፣ አባቴ።»

«ከብረት ነው?»

«አዎ፣ ከብረት ነው።»

ማዕዱን አየ፣ አባቴን አየ። «እኛስ ዛሬ ጾመኞች ነን» አለ። ቀኑ ሐሙስ፣ ወሩ መስከረም፤ ምንም ጾም የለም። እናቴ ያቀረበችውን ወጥ መልሳ ከደነችው።

በቅሎዎቻቸውን እስኪጭኑ ሞተሯን ተሸክሜ ወጣሁ። ብትነሣ፣ የያዝኩት የጣሊያን ሞተር መሆኑን፣ እኔም ቀጥቃጭ አለመሆኔን ያያሉ ብዬ ነው። ውኃ የሚገፋው ጫፏ ወደ ውስጥ እንዲገባ ከብቶቹ የሚጠጡበት ገንዳ ጠርዝ ላይ አሰርኳት፤ ገመዱን ጠምጥሜ ሳብኩ። ዝም። ደግሜ ሳብኩ፤ አሁንም ዝም። እጄ እስኪላጥ ሳብኩ። አጎትየው በቅሎው ላይ ሆኖ «እግዜር ይርዳህ» አለኝ፤ ፊቱን ግን ወደ እኔ አላዞረም። ዓይኔን ፈርቶ ነው።

ጋራውን ዞረው እስኪሰወሩ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ በንዴት የላይኛውን ክዳን ፈታሁት። እሳት የሚፈጥረው ቦታ ላይ ሳልጠርገው የቀረ ቅቤ ረግቷል። በኩታዬ ጫፍ ጠረግኩት፣ ክዳኑን መለስኩ፣ ገመዱን ሳብኩ። ሞተሯ ተነሣች። የገንዳው ውኃ ተረጨ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ግቢው በቅቤና በቤንዚን ሽታ ታፈነ። እንዲያ ጥሩ የሚሠራ ሞተር ኦፊቺናውም ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። አንሥቼ ድንጋይ ላይ ልከሰክሳት ምንም አልቀረኝም።

እናቴ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ሠራችልህ?» አለችኝ።

«ሠራች።»

«እንግዲያ እሷኑ አግባት» ብላኝ ወደ ቤት ገባች።