ድኩላዋን ቅጠል በላት

መምህር አሳምነው ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ማስተማሩን ያልተዉ የሆሳዕና ሰው ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ይዞ የተቀመጠ መንገደኛ እንኳ አውቶቡሱ እስኪሞላ ስለ አጥቢ እንስሳት አንድ ነገር ሳይማር አይሳፈርም። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ካሜራ ሸለሟቸው። ጋቢ ሸልመዋቸው ቢሆን ኖሮ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፊት እስከ ዛሬ በመረቁ፤ ካሜራው ግን ሰውየውን ከቤት አውጥቶ ጫካ ለጫካ ያዞራቸው ጀመር።

ያነሷቸውን አራዊት ሁሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሯቸዋል። እሳቸው በተማሩበት የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር አልነበረም። ለአራት ልጅ አንድ መጽሐፍ ይታደላል፤ ይገለጣል፤ አንበሳውም ግራጫ፣ በቀቀኑም ግራጫ። በትክክል የታተመችው የሜዳ አህያ ብቻ ነበረች። ቢሆንም የዚያ መጽሐፍ ሽታ፣ ከእሳቸው በፊት የተማረበት አንድ ልጅ በእርሳስ ያደመቀው የጎሽ ቀንድ፣ ዛሬም ከልባቸው አልወጣም። «ቀለም ዓይን ያታልላል፤ እንስሳን ማወቅ የፈለገ ቅርጹን ይመልከት» ይላሉ።

ዘንድሮ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት አዲስ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ርዕሰ መምህሩ ፍሬው ጠራቸውና፣ «ጋሽ አሳምነው፣ መግቢያው ግድግዳ ላይ ለአንድ ትልቅ ፎቶ ቦታ አለን። የእርስዎን ብንሰቅል ደስ ይለናል። እስከ ዓርብ ካልደረሰ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ የአንበሳ ፖስተር አለ» አላቸው።

መምህሩ ደረታቸው ተነፋ። ዕድሜያቸውን በጨረሱበት ግቢ አንድ የእጃቸው ነገር እንዲቀር ይመኙ ነበር። በዚያ ላይ ሆሳዕናን ረግጦ በማያውቅ አንበሳ መሸነፍ!

ከጃጁራ ወዲያ፣ ወንዝ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ ሦስት ቀን አድፍጠው ቀላ ያለች ድኩላ አነሱ። ጆሮዋን ቀስራ፣ አንድ እግሯን ከመሬት አንሥታ ቆማለች። ቤት እንደገቡ ፎቶውን ወደ ስልካቸው አሳልፈው አንዲት ምልክት ነክተው ቀለሙን አጠፉት፤ አሳትመው፣ ክፈፍ አስገብተው ረቡዕ ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ አቀረቡ።

ፍሬው ፎቶውን ራቅ አድርጎ አየው። ቀረብ አድርጎም አየው።

«ቅጠሉ በጣም ያምራል፣ ጋሼ።»

«ድኩላዋስ?»

«ድኩላ አለ እንዴ?»

ክፈፋቸውን ታቅፈው ወደ ቤት ተመለሱ። ወይዘሮ ትርፊት መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱት። «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ቀን ቆጮ አስቋጥረህ ሄደህ ያመጣኸው ቁጥቋጦ ነው? እሱማ ጓሮ ሞልቷል።»

እሳቸው ግን ያዩዋታል። ሦስት ቀን የጠበቋት እሳቸው ናቸውና የት እንደቆመች ያውቃሉ። ሌላው ሰው አያውቅም።

ሐሙስ የቀድሞ ተማሪያቸው ጵርስቅላ ወደምትሠራበት ፎቶ ቤት ሄዱ።

«ቲቸር! ዛሬ ደግሞ የማንን ቀለም ሊገፍፉ መጡ?»

«አትቀልጂ። ነገ ዓርብ ነው።»

ባለቀለሙን ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። ቀይ ድኩላ፣ አረንጓዴ ቅጠል፤ ታስጎመጃለች። «እንዲህ እንዳለች ትሰቀል» አለች።

«በፍጹም።»

«እንግዲያው ይስሙ። ቀዩ ጸጉርና አረንጓዴው ቅጠል ድምቀታቸው እኩል ነው። ቀለሙን ሲያጠፉት ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። ድኩላ ቅጠል ስትበላ ነበር የምናውቀው፤ የእርስዎን ግን ቅጠሉ በላት።»

መምህሩ ወደ በሩ ዞሩ። ጵርስቅላ አሳዘኗት መሰል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የከረሜላ ወረቀቱን ረሱት? ቀዩን? ስምንተኛ ክፍል እያለን ለሁላችንም አድለውን ሜዳ አወጡን። ዓይናችን ላይ ስናደርገው ሣሩ ጠቆረ፣ የመምህርት አስካለች ቀይ ሹራብ ደግሞ ነጣ። ‹ቀይ ወረቀት ቀዩን ያሳልፋል፣ አረንጓዴውን ያግዳል› አሉን። እኔ ከረሜላውን ቀድሜ በመብላቴ ተንበርክኬያለሁ፤ ለዚህ ነው ያልረሳሁት።»

ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ረስተውት ነበር።

ጵርስቅላ የቀዩን ድምቀት ከፍ፣ የአረንጓዴውን ዝቅ አደረገች። ቅጠሉ ቀስ እያለ ጠቆረ። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ጆሮዋ፣ ቀጥሎ ጀርባዋ፣ ከዚያ ያነሣችው እግር ብቅ አለ። የድሮው መጽሐፍ ውስጥ ያለች ትመስላለች።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉ መምህሩ።

«አንድ ጨካኝ ሰውዬ።»

ዓርብ ድኩላዋ ግድግዳው ላይ ወጣች፤ አንበሳው የመምህራን ሻይ ቤት ተመደበ። ከክፈፉ ሥር «ፎቶ፦ አሳምነው። ከቅጠል ያስጣለች፦ ጵርስቅላ፣ ከስምንተኛ ለ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ጽሕፈቱ የመምህሩ ነው።

ወይዘሮ ትርፊት ድኩላዋ ፊት ለፊት ቆመው ብዙ ተመለከቷት።

«አሁንስ አየኋት። ታምራለች። ቀለሟ ግን ምን ነበር?»

መምህሩ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ትንሽዬ ባለቀለም ፎቶ አውጥተው በባለቤታቸው እጅ ሸጎጡ።

«ላንቺ ነው» አሉ በሹክሹክታ፤ «ለማንም እንዳታሳዪ።»