ዜማ ያስዘለለችው ጭረት

ሬዲዮ ጥገና የገባሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታምራት ካቻቢቴ ሰጡኝና ወዲያው መልሰው ተቀበሉኝ። ዕቃው የሚለውን ሳትሰማ አትክፈት አሉኝ። መሐል ሜዳ ገበያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው የሚያፏጭ ሬዲዮ ሳዳምጥ ዋልኩ። ማታ ጆሮዬ ጭው ይል ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሱቁ የኔ ሆነ፤ ቴፑም በሲዲ ተተካ። ያኔ ነው የኔታ ክንፈ የመጡት። የድጓ መምህር ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ስለተዘጋ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ከመታመማቸው በፊት አንድ እንግዳ ዜማቸውን በሲዲ ቀድቶላቸው ስለነበር፣ ተማሪዎቻቸው የሚማሩት ከዚያ ሆኗል።

ዲስኩ ግን ተጭሯል። ቤታቸው ያለችው ርካሽ ማጫወቻ ጭረቷ ላይ ስትደርስ ትዘላለች። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ቤት ወስደው ሊያስገለብጡት ቢሞክሩም አልሆነም።

"ልጆቹ ዝላዩን አጠኑት" አሉኝ ጆሮዬ ሥር። "ዜማው እንደዚያ መስሏቸው። ነገ በየደብሩ ሲበተኑ ክንፈ ነው ያስተማረን ሊሉ ነው። እንዳላርማቸው ድምፅ የለኝ።"

 ፍርሃታቸው በእኔም ላይ ተጋባ።

አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ከዲስክ የተነበበውን ወደ ድምፅ የሚፈታ ጥሩ አምፕሊፋየርና ስፒከር ልኮላቸዋል። የጎደለው ደህና የሲዲ ማንበቢያ ነው። ዲስኩን ማሽከርከርና ማንበብ ብቻ ሥራው የሆነ፣ ድምፁን መፍታት እንደዚያ አምፕሊፋየር ላለ ሌላ ሳጥን የሚተው ከባድ ዕቃ አለ። አዲሱ አይቀመስም። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ አብረን አዲስ አበባ ወረድን።

አንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ሁለት አወጣልን፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ ብርማ፣ ሌላው ጠርዙ የተላጠ ጥቁር። የራሱን አዲስ ዲስክ ሲያስገባ ሁለቱም አሳምረው ዘፈኑ። የእኛን እንሞክር አልኩ። ሰጋሁ ግን። ያረጀ ማሽን ዲስክ ይቧጭራል፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ የለንም።

ብርማው ጭረቷ ላይ ተንተባተበና ቆመ። ላወጣው ብል መሳቢያው አልከፈት አለ። የኔታ አማተቡ። ሻጩ አጥፍቶ ሲያበራው ዲስኩን ተፋው። አገላብጬ አየሁት፤ አዲስ ጭረት የለውም። ጥቁሩ ውስጥ ለማስገባት ግን ድፍረቱ ከዳኝ። የኔታ ናቸው ክንዴን ገፋ ያደረጉኝ። ጥቁሩ ጭረቷን ሳያመነታ አለፋት፤ ገዛነው።

መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ብለው የኔታ ማሽኑን ለብርድ በያዙት የበግ ጠጉር ባና ጠቅልለው እስከ መሐል ሜዳ ጭናቸው ላይ አቅፈውት መጡ።

ቤታቸው ገጣጥሜ ዲስኩን ሳስገባ የማሽኑ ትንሽ መስኮት ላይ "ዲስክ የለም" የሚል ጽሑፍ መጣ። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያዩኛሉ። መንገዱ ገደለው ብዬ ደነገጥኩ።

ካቻቢቴ አነሳሁና ተውኩት። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሽከረከራል። ይፈልጋል እንጂ አልሞተም፤ ማየት ነው ያቃተው። ስከፍተው ከባናው የወጣ ጠጉር ሌንሱ ላይ ተኝቷል። ሌንሱ የተንጠለጠለው በቀጭን ሽቦ ስለሆነ ጫን ካሉት አለቀ። በጥጥና በአልኮል ቀስ ብዬ ጠረግሁት።

ዜማው ወጣ። ተማሪዎቹም አብረው ያዜሙ ጀመር። ጭረቷ ጋ ሲደርሱ እንደለመዱት ዘለሉ። ማሽኑ ግን አልዘለለም። ደንግጠው ዝም ሲሉ የየኔታ የድሮ ድምፅ ብቻውን ቀጠለ።

የኔታ በሹክሹክታ "ይቺ ናት የቀረችባችሁ" አሉ።

ያገለገለ ማንበቢያ ስትመርጡ ሻጩ በሚያስገባው ዲስክ አትመኑ። በራሳችሁ ዲስክ፣ የምትፈሩት ቦታ ላይ ሞክሩት። በባና ደግሞ አትጠቅልሉት።