ሁለት ቋጠሮ ጨው ይዤ ወደ ጎንደር

አያ ካሴን በገበያ መሀል ሌባ ብዬዋለሁ። ስድቡን ሕዝብ ሰምቶታል፤ የተከተለውንም ሕዝብ ያንብበው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

የልጅ ልጄ ብርቄ እንቅርት ወጣባት። የቀበሌያችን የጤና ባለሙያ ልጅቱ አዮዲን የሚባል ነገር እንዳነሳት፣ እሱም በምንገዛው ጨው ውስጥ እንደሚጨመር ነገረችን። እኔ ከአያ ካሴ ሱቅ ሌላ ጨው ገዝቼ አላውቅም። አጭበርብሮናል ብዬ ሰው በተሰበሰበበት ሰደብኩት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በልጅቱ ሕመም ላይ የሰው ስም ማጥፋት ጨመርኩበት። እሱ አልተቆጣም። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ በላስቲክ ቋጠረና፣ ከቤቴ ጨው ጋር ይህንንም እንዳስመረምር ሰጠኝ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ

አንድ ሰዓት ላይ ከብርቄ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሹፌሩ ከታሪፍ በላይ ሲጠይቅ ታሪፉን ካላሳየኸኝ አልከፍልም አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀብኝ፤ ሆኖም ሁሉም በታሪፉ ከፈለ። ብርቄ ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠቅልላ በመስኮት የገብሱን ማሳ ታያለች። አንገቷን መሸፈን ከጀመረች ቆይታለች።

ረፋድ፣ ጎንደር

ፒያሳ ወርደን በባጃጅ ምግብ ወደሚመረመርበት ቤት ሄድን። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሁለቱን ጨው ለየብቻ አስቀምጣ የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረገችባቸው። የአያ ካሴ ጨው አዮዲን ስላለው ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ። የቤቴ ጨው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«እማማ፣ ጨዉን ቤት ወስደው ምን ያደርጉታል?» አለችኝ።

«አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። እኔ ልጆቼን አፈር አላበላም።»

አልሳቀችብኝም። አዮዲኑ ከእጣቢው ጋር እንደሚሄድ፣ የተረፈውንም ፀሐይ እንደሚጨርሰው በእርጋታ አስረዳችኝ። የባሕር ዓሣ አዮዲን ሞልቶታል። የእኛን ደጋ ግን ዝናብ ስለሚያጥበው ገብሱም ድንቹም ውስጥ ጥቂት ነው። ዝናቡ ከማሳችን አጥቦ የወሰደውን፣ እኔ ደግሞ ከጨዉ አጠብኩት ማለት ነው። ጨዉን በክዳን ዕቃ እንዳስቀምጥ፣ ወጥ ሊወርድ ሲል እንድጨምር መከረችኝ። ሥራዋን ትታም ሐኪም ዘንድ አደረሰችን። ሐኪሙ እብጠቱ ገና ትንሽ ነው ብሎ ክትትል እንድናደርግ ቀጠረን። ያችን ልጅ እግዜር ዕድሜ ይስጣት፤ ሸጋ ልጅ ናት።

ከሰዓት በኋላ፣ መልስ ጉዞ

ሽሮ በልተን ተመለስን። መንገድ ላይ ብርቄ ጎነተለችኝ።

«እንግዲህ በንጽሕና የታመምኩ እኔ ብቻ ነኝ» አለች።

መጀመሪያ ዕንባዬ መጣ፣ ቀጥሎ ሳቄ። እሷም ስትስቅ ነጠላው ከአንገቷ ወረደ፤ አልመለሰችውም።

እንደደረስን በቀጥታ ወደ አያ ካሴ ሱቅ ሄጄ ይቅር በለኝ አልኩት።

«ስድቡ በገበያ ቀን ነበር» አለኝ። «ይቅርታውም በገበያ ቀን ይሁን።»

ትክክለኛ ፍርድ ነው።

የገበያ ዕለት ያኔ በቆምኩበት ቦታ ቆሜ፣ ያኔ በጮህኩበት ድምፅ ሌባ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ጨዉን አጥቤ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩም ተናገርኩ። ብዙ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ለካ የማጥበው ብቻዬን አልነበረም። አያ ካሴ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ አንድ ኪሎ ጨው መዝኖ በእጄ ሰጠኝ።

«ይኸን እንኳ እንዳታጥቢው፣ እቴ» አለኝ።