በአያትሽ እጅ የተበሳ ጆሮ

ዛሬ አየር ጤና ያለ ውበት ሳሎን ሁለተኛ የጆሮ ቀዳዳ ልታስበሺ ስትቀመጪ አጠገብሽ ነበርኩ። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከዚያ ጆሮ መብሻዋ ሽጉጥ «ጠቅ» አለች። የምትበሳሽ ልጅ የድሮውን ቀዳዳሽን አየችና «ይሄን ማን በሳው? ልክ መሃሉ ላይ ነው» ብላ ጠየቀችሽ። አንቺ ትከሻሽን ሰበቅሽ። እዚያ ግን ሰው ተራ እየጠበቀ የሚወራ ነገር አልነበረም። አሁን ልንገርሽ።

ዘነበወርቅ እኔና እናትሽ ባደግንበት ግቢ ጆሮ የምትበሳው እናቴ፣ የእናትሽም እናት ነበረች። እጇን በፎቶ እንጂ አታውቂውም። በልጅነቷ የያዛት የሥጋ ደዌ፣ በክኒን ከመዳኗ በፊት ጣቶቿን አሳጥሯቸዋል። መርፌውን በአውራ ጣቷና በቀረው ጣቷ መሃል ስትይዝ ግን እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ጥልፍ ጠልፋ ያሳደገችን በዚያው እጅ ነው። ሕፃኗን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ጆሮዋ በፀሐይ ቀልቶ ብርሃን ሲያሳልፍ፣ ደም ሥሩን እየሸሸች ትወጋለች። ክሩን ቋጥራ «በቃ፣ አለቀ» ትላለች።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ አባትሽ እናትሽን ለትዳር ጠየቃት። ቤተ ክርስቲያን አብረው ይዘምሩ ነበር። አስኮ ያሉት አያትሽ፣ የአባትሽ እናት፣ ዘር ሊያጣሩ እኛ ቤት መጡ። የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩትም።

«ቅር አይበልዎት» አሏት እናቴን። «እርስዎ ጨዋ ሰው ነዎት። ግን ይሄ ነገር በደም ይሄዳል። ለልጅ ልጆቼ ላስብ እንጂ።»

እናትሽ ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ እጄን ጨምቃ ይዛኛለች። የምትወደውን ሰው በእናታችን ጣት ምክንያት ልታጣ ነው።

በዚያው ሳምንት የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ አስተምሮን ነበር። እኔ «ጠንካራው ይኖራል፣ ደካማው ይጠፋል» ማለት መስሎኝ፣ እናቴን እያሰብኩ ነበር የሰማሁት። እሱ ግን ነገሩ ጉልበት መለካት ሳይሆን፣ ከአካባቢው የሚስማማ ባሕርይ የወረሰው ብዙ ዘር መተካቱ እንደሆነ ነገረን። ሰው በኑሮው የሚደርስበት ጉዳትም ለልጁ አይወረስም አለ። «የእናቶቻችሁ ጆሮ የተበሳ ነው። ጆሮዋ ተበስቶ የተወለደች አለች?» ሲል ክፍሉ ሳቀ።

እኔ ደግሞ መቼ አፌ ያርፋል! ከጓዳ ወጥቼ ያንኑ ጥያቄ እንግዳዋ ላይ ወረወርኩት። እናቴ ገላመጠችኝ።

«ጆሮ በመርፌ ነው፤ ይሄ በሽታ ነው» አሉ አያትሽ።

እውነታቸውን ነበር፤ ምሳሌዬ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ጉዳት እንደማይወረስ እንጂ በሽታው ከዘር እንዳልመጣ አያሳይም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ እናትሽ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

አባትሽ ግን እንቢ ብሎ ጸና፣ ሠርጉም ሆነ። አያትሽ ሠርጉ ላይ ከእናቴ ራቅ ብለው ተቀመጡ። አንቺ ስትወለጂ ደግሞ ገና ከመግባታቸው ጨርቁን ገልጠው ጣቶችሽን ቆጠሩ። አሥር ነበሩ። ፊታቸው በራና «ተመስገን፣ ሙሉ ናት» አሉ።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳትቆጣ «እኔም ስወለድ አሥር ነበሩኝ» አለች።

አያትሽ የእናቴን እጅ ደህና አድርገው ያዩት ያኔ ይመስለኛል።

«ታዲያ ከምን መጣ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከጀርም ነው እንጂ ከዘር አይደለም። ክኒኑ ገድሎታል። ጣቴን የበላው ለሕክምና መዘግየቴ ነው።»

አያትሽ ያን ዕለት የቀረበላቸውን ሻይ ጠጡ።

ሦስት ወር ሲሞላሽ፣ እናትሽን አስከትለው አንቺን ታቅፈው ከአስኮ መጡ። እዚያ ጆሮ የሚበሳ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ከቦርሳቸው ትንሽ የወርቅ ጉትቻ አወጡና እናቴ ጭን ላይ አስተኙሽ።

«አንቺ ብሺልኝ» አሏት።

እናቴ ወደ መስኮቱ አዞረችሽ፤ ጆሮሽ በፀሐይ ቀላ። መርፌው ሲገባ ግቢውን በጩኸት አናጋሽው። እናቴ «በቃ፣ አለቀ» አለችሽ። ክሩን ቋጥራ፣ ቁስሉ ሲድን የሚደረግልሽን ጉትቻ መልሳ በአያትሽ መዳፍ ላይ አኖረች።

ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ እናቴ አረፈች። እንግዲህ ያን ቀዳዳ ማን እንደበሳው ሌላ ሰው ከጠየቀሽ፣ ትከሻሽን አትስበቂ።