ካናዳዊው አሠልጣኝ ያረዳኝ መርዶ

ዛሬ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ የባሌ ታላቅ እህት እዚሁ አሜሪካ ካለችው አሌክሳንድሪያ ኮል አደረገችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የቤዛዊት እናት አርፈዋል። እሁድ ንጋት ላይ ሰው ሰብስበን እናረዳታለን፤ እስከዚያ አደራ፣ ምንም እንዳታውቅ" አለችኝ። ቤዛዊት የባሌ የአክስት ልጅ ናት፤ አሜሪካ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፣ እኛ ቤት ቤዝመንት ነው የምትኖረው። "እሺ" ብዬ ዘጋሁና ወደ ዕቃዬ ተመለስኩ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ያኔ አገር ቤት የሚደወለው በካርድ ነው፤ ከሱቅ ገዝቶ፣ በሳንቲም ፍቆ፣ ያንን ሁሉ ቁጥር መምታት። እሁድ እሁድ ደሴ ለአባዬ እደውላለሁ። አባዬ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ቅርጫት ኳስ ያስለመደኝ እሱ ነው፣ የበርሜል አፍ አስቆርጦ ግንድ ላይ ሰቅሎልኝ።

እዚህ ደግሞ የሰፈራችንን የሴቶች ቡድን የሚያሠለጥነን ኮች ግሌን የሚባል ካናዳዊ ነበር፤ ረጅም፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ አፉ የማያርፍ ሰውዬ። ለእሱ ደህና ነገር ሁሉ የመጣው ከካናዳ ነው። "ይሄን ጨዋታ የፈጠረው የኛ ሰው ነው፤ የኮክ ቅርጫት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ" ይለናል። ሬዲዮ ላይ ዘፈን ከወደድን ዘፋኟ የእነሱ ናት። ቴሌቪዥን ላይ ያሳቀን ኮሜዲያንም የእነሱ ነው። "ደሞ ጀመረው" እንባባላለን። የሚገርመው፣ ስናጣራ ብዙው እውነት ሆኖ ይገኛል። ሰውዬው ይጎርራል እንጂ አይዋሽም።

ይህን ለአባዬ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ኩላሊቱን ታሞ ተኝቶ ነበር። "ለዚያ ካናዳዊ መልስ አለኝ፤ እሁድ ስትደውዪ እነግርሻለሁ" አለኝ።

እሁድ ደወልኩ፤ አይነሳም። ሰኞም አይነሳም። "ኔትወርክ ነው የኔ ቆንጆ" አለች አክስቴ። ዓይኗ ቀልቷል፤ "ሽንኩርት ስከትፍ ነው" አለች፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ሽንኩርት አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስመለስ ካርድ እየፋቅኩ፣ የማይነሳ ስልክ እያዳመጥኩ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ "እመቤቴ፣ አባዬን ማሪልኝ" ስል ከረምኩ። ሆዴ ያውቃል፤ የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። ልብ ማውለቅ ማለት ያ ነው።

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ግጥሚያ ነበረን። የአክስቴ ባል ጋሽ ተፈራ ቅዳሜ ታክሲውን አቁሞ የማያውቅ ሰው፣ "ዛሬ እኔ ነኝ የማደርስሽ" አለኝ። አክስቴ ጭብጦ በማር ቋጥራልኛለች። የመንገዱ ዛፎች ቅጠላቸው ቀልቶ ያምር ነበር፤ እኔ የማየው የጋሽ ተፈራን ጥፍር ነው፣ መንገዱን ሙሉ መሪ ላይ ሆኖ ሲነክሰው ነበር። "ጋሽዬ፣ አባዬ ደህና ነው?" አልኩት። "ጨዋታሽን አስቢ" አለኝ።

ምን ጨዋታ አለ፤ ኳሱ ከእጄ እየወጣ ይሄዳል። በዕረፍት ሰዓት ኮች ግሌን አጠገቤ ተቀመጠ። "ባትጫወቺም ማንም አይቀየምሽም። አክስትሽ ነግራኛለች። ስለ አባትሽ በጣም አዝናለሁ" አለኝ።

"አባቴ ምን ሆነ?"

ፊቱ ተለዋወጠ። ቀና ሲል ጋሽ ተፈራ ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ካናዳዊው አየው፣ ገባው። መዋሸት ይችል ነበር። ኮፍያውን አወለቀና፣ "ባለፈው እሁድ ሞቷል፣ ልጄ። የምታውቂ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

ጩኸቴን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ያ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እንደያዘኝ ነው። ጋሽ ተፈራ በአማርኛ ይራገማል፤ "ኳስ ሜዳ ላይ መርዶ ይነገራል? ምን ዓይነት አረመኔ ነው" ይላል። በማግስቱ ለቅሶ ቤት ኮች ግሌን መጣ፤ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጦ ዋለ፣ ስለ ካናዳ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የአባዬን መልስ ግን እሱም እኔም ሳንሰማው ቀረን።

የኛ ሰው ለምን እንደሚደብቅ አሁን ይገባኛል። ሐዘን ብቻዬን እንዳያገኘኝ፣ ስወድቅ የሚይዘኝ እንዲኖር ብለው ነው። ግን ለተቀበረ አባት ምሕረት እየለመንኩ የከረምኩባቸውን ቀናት እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ይህን እያሰብኩ ቤዛዊት ስልኳን ይዛ ከታች ወጣች።

"እማዬ ከትናንት ጀምሮ አታነሳም። ኔትወርክ ነው አይደል?"

ውሃውን ዘጋሁ፣ እጄን አደረቅኩና አጠገቤ አስቀመጥኳት።

"አይደለም፣ የኔ ልጅ" አልኳት።